ሰርባቶዮ ከማውረዳችሁ በፊት፦ የነዳጅ ጌጅ ሲዋሽ እንዴት ይፈተሻል?

ባለፈው ክረምት አንድ የአይሱዙ ባለቤት ኮምቦልቻ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጡ። ሰው ሁሉ ሼሁ ይላቸዋል። የመኪናቸው የነዳጅ ጌጅ ባዶ ላይ ተኝቶ አልነሳ ብሏል። አንድ ጋራዥ ሰርባቶዮውን፣ ማለትም የነዳጁን ታንከር፣ ሁለት ጊዜ አውርዶ ሁለት ጊዜ ሴንሰር ቀይሮላቸዋል። ሁለት ጊዜም ከፍለዋል። ጌጁ ግን ያው ነው።

«ሦስተኛውን አንተ ብትቀይረው ይሻል ይሆን ብዬ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

«እስቲ ይቀመጡ ሼሁ፣ ሻይ ይጠጡ። መጀመሪያ ሳናወርደው ልየው» አልኳቸው።

ሻዩ ሳይበርድ ነገሩ አለቀ። ከሴንሰሩ መጥታ ሻሲ ላይ የምትታሰረው የማሳ ሽቦ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የምትመልሰው፣ ቡሎኗ ሥር ዝጋለች። በብርጭቆ ወረቀት አሸኋት፣ አጥብቄ መለስኳት። ቁልፍ ስከፍት ቀስቱ ቀስ እያለ ተነስቶ ከግማሽ አለፍ ብሎ ቆመ። ሼሁ ቀስቱን አይተው፣ እኔን አይተው፣ «ታዲያ የእነዚያ የሁለቱ ሴንሰሮች ጥፋት ምን ነበር?» አሉ።

ምንም አልነበረም። ይህን መመሪያ የጻፍኩትም በእነሱ ምክንያት ነው። ጌጅ ሲበላሽ የሁሉም እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሰርባቶዮው ነው። እኔ ደግሞ ሰርባቶዮ መጨረሻ ላይ የሚነካ ነገር ነው ባይ ነኝ። ከባድ ነው፣ ቆሻሻ ነው፣ እሳት አለበት። ከዚያ በፊት በአንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እና በአንዲት ትንሽ አምፖል ጥፋቱ የት እንዳለ ማወቅ ይቻላል።

የምናገረው ተንሳፋፊ ስላለው የተለመደ ጌጅ ነው። ዶልፊን፣ ፒክአፕ፣ አይሱዙ፣ የቆየ የቤት መኪና፣ ሁሉም እዚህ ይገባሉ። ጌጃቸው በኮምፒውተር የሚመራ አዳዲስ መኪኖች ላይ አሠራሩ ይለያል። እነሱ ጋ ስንደርስ እናገራለሁ።

ጌጁ በምን ይሠራል?

ነገሩ ሦስት ቦታ ነው። ዳሽቦርድ ላይ ቀስት አለ። ሰርባቶዮ ውስጥ ሴንሰር አለ። በመሃል ሽቦ አለ። ሴንሰሩ ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ ያለው የብረት ክንድ ነው። ነዳጅ ሲሞላ ክንዱ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሲጎድል ይወርዳል። ክንዱ ሲንቀሳቀስ አንዲት ትንሽ ልሳን በሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ በሚያግድ ቁራጭ) ላይ ትንሸራተታለች። የድሮ ሬዲዮ የድምፅ መጨመሪያ በሉት፤ ልዩነቱ የሚያዞረው እጅ ሳይሆን ነዳጅ መሆኑ ብቻ ነው።

ሬዚስታንሱ የሚለካው በኦም ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ቁጥሩ ከመኪና መኪና ይለያያል። ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ሲሞሉ 3 ኦም ገደማ፣ ባዶ ሲሆኑ 110 ኦም አካባቢ ያሳያሉ። ብዙ የጀነራል ሞተርስ መኪኖች ደግሞ ተገላቢጦሽ ናቸው፤ ባዶው 0፣ ሙሉው 90 ኦም ነው። ቪዲኦ (VDO) የሚባለው የጀርመን ዕቃ በብዛት ከባዶ 10 እስከ ሙሉ 180 ኦም ይሄዳል። ስለዚህ ከሌላ መኪና የወለቀ ሴንሰር ልኩ ስለገጠመ ብቻ አይሠራም። ቡሎኑ ይገጥማል፣ ቀስቱ ግን ያብዳል። መርካቶም ሆነ ደሴ ፒያሳ ዕቃ ስትገዙ ኪሳችሁ ውስጥ ቴስተር ይኑር።

ከዚህ በታች የምናገረው ሁሉ ለቶዮታና ለአይሱዙ ዓይነቱ ነው፤ ማለትም ኦሙ ሲያንስ «ሙሉ»፣ ሲበዛ «ባዶ» ለሚለው። የእናንተው ተገላቢጦሽ ከሆነ ምልክቱንም ገልብጣችሁ አንብቡት።

በእርግጥ ተበላሽቷል?

የእኛ አገር መንገድ ጌጅ ያሳብዳል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የከፍታው ልዩነት ግን ከ600 ሜትር ይበልጣል። ዳገት ስትወጡ ነዳጁ ወደ ሰርባቶዮው ኋላ ይሄዳል፤ ስትወርዱ ወደ ፊት ይመጣል። ሴንሰሩ ከመሃል ወደ ኋላ የተቀመጠ ከሆነ ወደ ደሴ ስትወጡ ጌጁ ካለው በላይ ያሳያል፣ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ያሳንሳል። ወደ ፊት የተቀመጠ ከሆነ ግልባጩ ነው። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ውሃ ልክ ነው።

ብዙ ጊዜ «ጌጄ ጢጣ ስደርስ ሩብ ይላል፣ ደሴ ገብቼ ሳቆም ያልቃል» የሚል ሾፌር ይገጥመኛል። ለዚህ ሰው መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁም፣ ሁለት ደቂቃ ይጠብቅ፣ ከዚያ ያንብብ። ኮምቦልቻ ሜዳ አይጠፋም። ደሴ ላይ ሜዳ መፈለግ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የጌጁን ፍጥነትም ዕወቁ። የድሮው ዓይነት ጌጅ ውስጡ በሙቀት የሚታጠፍ ብረት ነው። ቁልፍ ስትከፍቱ ቀስቱ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ አንድ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፣ ስትዘጉ ይወድቃል። ሌላው ዓይነት በጥቅል ሽቦ የሚሠራ ነው። ይሄ ቁልፍ ሲዘጋም ባለበት ሊቀር ይችላል። ቀስቱ ቁልፍ ዘግታችሁም አልወርድ ካለ ወዲያው «ተጣበቀ» አትበሉ።

በትንንሽ አውሮፕላን የሚበሩ ሰዎች ጌጅን እንዴት እንደሚይዙት ብታዩ ትገረማላችሁ። ቀስቱ ምንም ይበል ምን፣ ከመነሳታቸው በፊት ክንፉ ላይ ወጥተው ክዳኑን ከፍተው ምልክት በተደረገበት እንጨት ይለካሉ። ክንፉ ወደ ጫፉ ከፍ ስለሚል ሴንሰሩ ሰርባቶዮው ሳይሞላ ጣሪያ ይነካል። በዚህ ምክንያት እቤት በተሠሩ አንዳንድ አውሮፕላኖች ላይ ብዙ ሊትር ተቃጥሎም ቀስቱ «ሙሉ» እንዳለ ይቆያል። ባለቤቱ ያውቀዋል፣ ይጽፈዋል፣ ከዚያ ጋር ይኖራል። የእናንተም መኪና እንዲህ ያለ ጠባይ ሊኖረው ይችላል።

መጀመሪያ እሳቱ

ይሄን ክፍል ዘላችሁ የምታልፉ ከሆነ ሌላውንም አታንብቡ። ቤንዚን ራሱ አይደለም የሚፈነዳው፣ እንፋሎቱ ነው። ባዶ ሰርባቶዮ ከሙሉው ይብሳል፤ በውስጡ ያለው እንፋሎትና አየር ነውና። ሥራው ደጅ ይሁን። ሲጋራ የለም። በአቅራቢያው ከሰል አይነድም፣ ጀበናም አይጣድም። ቡናውን ሌላ ቦታ ጠጡ። የእሳት ማጥፊያ ከሌለ ደረቅ አሸዋ በባልዲ አስቀምጡ። ሽቦ የሚያገናኝ ሁሉ ቁልፍ ተዘግቶ ያገናኝ፣ ከዚያ ጋቢና ገብቶ ቁልፍ ይክፈት። ብልጭታ የሚወጣው በመጨረሻ በምትነኩት ጫፍ ላይ ነው። ያ ጫፍ ከሰርባቶዮ ይራቅ።

ሰርባቶዮ የሚያፈስ ከሆነ ብየዳ ቤት ወስዶ «ትንሽ ንካልኝ» ማለት የለም። በውሃ ታጥቧል ብላችሁም አትመኑ።

ምልክቱን አዳምጡ

ቴስተር ሳትነኩ ግማሹን የሚነግራችሁ ቀስቱ ራሱ ነው።

የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ አብረው ካበዱ ሰርባቶዮው ንጹህ ነው። በድሮዎቹ መኪኖች ሁለቱ ጌጆች ቮልት የሚያገኙት ከአንድ ትንሽ ሬጉሌተር ነው። ወይ እሱ ሄዷል፣ ወይ የዳሽቦርዱ ማሳ ላልቷል። ሁለቱም ጨርሶ ካልተነሱ መጀመሪያ ፊውዝ እዩ። በዓይን አይታይም፣ በቴስተር ለኩት። የተሰነጠቀ ፊውዝ በዓይን ደህና መስሎ ያታልላል።

ጌጁ ሁልጊዜ ባዶ ካለ ሽቦ ተቆርጧል፣ ሶኬት ወልቋል ወይም እንደ ሼሁ መኪና ማሳው ዝጓል። ሁልጊዜ ሙሉ ካለ ሽቦው የሆነ ቦታ ተፍቆ ሻሲ ነክቷል፣ ወይም ክንዱ ወደ ላይ እንደተነሳ ተጣብቋል። ባዶ የሚል ጌጅ ያናድዳል፣ ሙሉ የሚል ጌጅ ግን መንገድ ላይ ይጥላል። ወደ ደላንታ ስትሄዱ ማደያ በየቦታው አታገኙም። ስለዚህ ሁለተኛውን ቶሎ አስተካክሉት።

ሙሉ ሞልታችሁ ቀስቱ ሦስት አራተኛ አካባቢ ከቆመ ማሳ ጠርጥሩ። ሴንሰሩ 3 ኦም ሲል ዝገቱ የራሱን ኦም ቢጨምርበት ጌጁ የሚያየው ድምሩን ነው። ከላይ የጎደለ፣ ከታች ግን ብዙም የማይለይ ጌጅ በአብዛኛው የዝገት ሥራ ነው።

ቀስቱ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ ዘሎ የሚወድቅ፣ ከዚያ አልፎ የሚመለስ ከሆነ ሬዚስታንሱ እዚያ ቦታ ላይ አልቋል። ብዙውን ጊዜ ግማሽና ሩብ መሃል ነው፤ ሾፌሩ ዘወትር የሚነዳው እዚያ ላይ ስለሆነ ልሳኗ እሱን ቦታ ትበላዋለች። ይሄ እውነተኛ የሴንሰር ብልሽት ነው።

ቀስቱ ከሩብ በታች አልወርድ ካለስ? ከመኪናው ሥር ተኝታችሁ የሰርባቶዮውን ሆድ እዩ። በድንጋይ መንገድ የሚሠሩ መኪኖች ሰርባቶዮ ሥሩ ይቀጠቀጣል። ወደ ውስጥ የገባው ላሜራ ተንሳፋፊውን ደግፎ ይይዘዋል። ሴንሰር ብትቀይሩ አዲሱም እዚያው ላይ ይቀመጣል።

ቀስቱ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያነሰ የመጣ ከሆነ ተንሳፋፊው ነዳጅ እየጠጣ ነው። ወደዚያ እንመለሳለን።

ሌላ ምስክርም አላችሁ፤ የማስጠንቀቂያው መብራት። በብዙ መኪና ላይ እሱ ከክንዱ ጋር ግንኙነት የለውም። ሰርባቶዮው ግርጌ የተቀመጠች፣ ነዳጅ ውስጥ ስትሆን የምትቀዘቅዝ፣ ነዳጁ ሲርቃት የምትሞቅ ትንሽ ቁራጭ ናት። ስትሞቅ ሬዚስታንሷ ይወርዳል፣ መብራቱ ይበራል። ቀስቱ ግማሽ እያለ መብራቱ ከበራ ያለ ክርክር መብራቱን እመኑ።

ነገሩን ለሁለት መክፈል

ዋናው ፈተና ይሄ ነው። ከሴንሰሩ የሚወጣውን ሶኬት ፈልጉ። ብዙ የቤት መኪኖች የኋላ ወንበር ሥር ትንሽ ክዳን አላቸው። የጭነት መኪና ላይ ሰርባቶዮው ጎን ላይ ስለሆነ በቀላሉ ይታያል።

ቁልፍ ዝጉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። ቁልፍ ክፈቱ። ቀስቱ ወደ ባዶ መውረድ አለበት። ሙሉ ላይ ከቀረ ሴንሰሩ ነጻ ነው፤ ተነቅሎ ተቀምጧልና። ወይ ሽቦው በመንገዱ ሻሲ ነክቷል፣ ወይ ጌጁ ራሱ ተበላሽቷል። ሽቦውን ተከተሉት። በሻሲው ጠርዝ የሚያልፍበት፣ በቅንፍ የታሰረበት፣ ጭስ ማውጫ የሚጠጋበት ቦታ ላይ አተኩሩ።

ወደ ባዶ ከወረደ ቀጥሉ። ቁልፍ ዝጉ። ከዳሽቦርድ በሚመጣው የሶኬት ጫፍ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ አንዱ የጌጁ ሽቦ፣ ሌላው ማሳ። የመብራቱ ሽቦ ሦስተኛ ሆኖ ሊጨመር ይችላል። በጌጁ ሽቦና በማሳው መሃል ትንሽ የዳሽቦርድ አምፖል አስገቡ። ለ12 ቮልት መኪና 3.4 ዋት የሚለው ይሆናል። አይሱዙ 24 ቮልት ከሆነ የ24 ቮልት ትንሽ አምፖል ውሰዱ። አምፖሉን ያስገባነው ጌጁን ከሙሉ ከረንት ለመጠበቅ ነው። ሽቦውን በቀጥታ ማሳ ላይ የሚነካ መካኒክ አይቻለሁ። አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ ጌጁን ያቃጥላል። ከዚያ አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል።

አሁን ጋቢና ገብታችሁ ቁልፍ ክፈቱ። ሁለት ደቂቃ ታገሱ። ቀስቱ ወደ ሙሉ ከወጣ ጌጁ ደህና ነው፣ ሽቦው ደህና ነው፣ በሶኬቱ ያለው ማሳም ደህና ነው። ጥፋቱ ከሶኬቱ ወደ ሰርባቶዮው ነው።

ካልወጣ የአምፖሉን የማሳ ጫፍ ከሶኬቱ አውጡና ንጹህ የሻሲ ብረት ላይ እሰሩት። ቁልፍ ዘግታችሁ፣ ደግሞ እላችኋለሁ። አሁን ከወጣ ያገኛችሁት የሼሁን በሽታ ነው። አሁንም ካልወጣ ወይ የጌጁ ሽቦ ተቆርጧል፣ ወይ ዳሽቦርዱ ላይ ነው። ዳሽቦርዱን ከመፍታት በፊት ከሶኬቱ እስከ ጌጁ ያለውን ሽቦ በኦም ለኩት። ከ1 ወይም ከ2 ኦም በላይ መሆን የለበትም።

በቃ፣ ሃያ ደቂቃ ያልፈጀ ሥራ ነው። ሰርባቶዮውም አልወረደም።

ኮምፒውተር ባላቸው መኪኖች ላይ ግን አምፖል አታስገቡ። ሶኬቱን ንቀሉና የሴንሰሩን ኦም ብቻ ለኩ፣ የቀረውን በኮምፒውተር ለሚያነብ ባለሙያ ስጡ። አንዳንዶቹ ሆን ተብሎ ቀስቱን ያዘገያሉ፤ ዳገትና ቁልቁለት ላይ እንዳይዋልል።

ማሳውን በአግባቡ መሥራት

ማሳ ሲባል ሰው ይንቀዋል። የቡሎኑን ራስ በካቻቢቴ ፋቅ ፋቅ አድርጎ «ሠራሁት» ይላል። ወር ሳይሞላው ይመለሳል።

ባትሪውን ንቀሉ። ቡሎኑን ሙሉ በሙሉ አውጡ። የሽቦውን ቀለበት ሁለቱንም ገጽ፣ የሻሲውን ብረት፣ የቡሎኑንም ሥር በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ እሹ። ቀለም ካለ ቀለሙም ይነሳ። የቀለበቱ ሽቦ ውስጡ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ እስከ ንጹህ መዳብ ቆርጣችሁ አዲስ ቀለበት ግጠሙ። አጥብቃችሁ ካሰራችሁ በኋላ ከላዩ ግራሶ ወይም ቀለም ቀቡት። ከላዩ ነው ያልኩት፣ ከሥሩ አይደለም። ባትሪውን ከመመለሳችሁ በፊት ከሴንሰሩ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ኦም ለኩ። 1 ኦም እንኳ መድረስ የለበትም። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካክታችሁ የሚያሳየውን ቁጥር መቀነስ አትርሱ።

ሰርባቶዮው ግድ ሲሆን

እዚህ የደረሰ ሰው ሴንሰሩ መሆኑን አረጋግጧል። መጀመሪያ ሳታወጡት በሶኬቱ ኦሙን ለኩ። መኪናውን ትንሽ ወዝውዙት። ተንሳፋፊው ሲናጥ ቁጥሩም መናጥ አለበት። ድርቅ ካለ ክንዱ ተጣብቋል። ቴስተሩ ጨርሶ ካላነበበ ውስጡ ተቆርጧል።

ባትሪ ንቀሉ። ነዳጁን ክዳን ወዳለው የነዳጅ ጀሪካን አውጡ፣ ግን በአፍ እየሳባችሁ አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ቤንዚን ግን ፈሶ አይለቀምም። ከመክፈታችሁ በፊት በሴንሰሩ ዙሪያ ያለውን አቧራና ጭቃ በብሩሽ ጥረጉ፤ አለበለዚያ በሙሉ ወደ ውስጥ ይወድቃል። በብዙ ሴንሰር ላይ ቡሎኖቹ አምስት ናቸው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገጥም ርቀታቸው እኩል አይደለም። እንዲያም ሆኖ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ስታወጡት ክንዱ እንዳይታጠፍ እያዘነበላችሁ ነው። የሚጎትት ያጣምማል።

ከወጣ በኋላ የቴስተሩን ጫፎች አስራችሁ ክንዱን ከታች እስከ ላይ በጣም ቀስ አድርጋችሁ አንሱ። ቁጥሩ ሳይዘል መፍሰስ አለበት። ለዚህ ሥራ የድሮው ባለ ቀስት ቴስተር ከዲጂታሉ ይሻላል። ዲጂታሉ ቁጥር ሲያሰላ አጭሯን ዝላይ ያሳልፋታል።

ሬዚስታንሱ ጥቁር ሽፋን ካለው ነዳጅ ውስጥ ያለው ሰልፈር የልሳኗን ብር አጥቁሮት ሊሆን ይችላል። በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይና በለስላሳ ላጲስ አጽዱት። ብርጭቆ ወረቀት እዚህ አይነካም፤ ሽፋኑ ስስ ነው፣ ሁለት ጊዜ ብትፍቁት ያልቃል። ልሳኗ ላልታ ከሆነ በጣም ትንሽ ወደ ውስጥ ጫን አድርጓት። ሬዚስታንሱ ራሱ ካለቀ ግን አታልፉት፤ ይቀየር።

ተንሳፋፊውን ጆሮ ሥር አድርጋችሁ ወዝውዙ። ውስጡ ቦጭ ቦጭ ካለ ተበስቷል። ድምፅ የሌለው ስፖንጅ ዓይነት ከሆነ ናፍታ ያለበት ሰፊ ጣሳ ውስጥ ልቀቁት፤ ግማሹ ከላይ ካልታየ ነዳጅ ጠጥቷል። የናስ ተንሳፋፊ በሊድ ለመድፈን ማሞቅ ሞኝነት ነው። ውስጡ የገባው ቤንዚን ነው፣ ውሃ አይደለም። አዲስ ግጠሙ።

ሰርባቶዮው ክፍት እያለ ውስጡን በእጅ ባትሪ እዩት፣ ግን ፊት ርቆ፣ ባትሪውም ውጭ በርቶ። በደሴ ብርድ ሌሊት ግማሽ ሆኖ የሚያድር ሰርባቶዮ ከውስጥ ውሃ ያልበዋል። ግርጌው ላይ ዝገት ካለ ሴንሰሩን ብቻ ቀይሮ መዝጋት ተመልሶ መምጣት ነው።

ስትመልሱ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) አዲስ ይሁን። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ይበላዋል። ቡሎኖቹን በተራ ሳይሆን ትይዩ ትይዩውን ቀስ በቀስ አጥብቁ።

ሊትሩን መጻፍ

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ይሰለቻል። ለእኔ ግን የሥራው ጣዕም ያለው እዚህ ነው።

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ሰርባቶዮው ባዶ ነው። በማደያ የተለካ ነዳጅ አምስት አምስት ሊትር ጨምሩ። ሙሉ ጀሪካን 20 ሊትር ነው ብላችሁ አትገምቱ፤ አፉ ድረስ ሲሞላ ይበልጣል። በእያንዳንዱ አምስት ሊትር ሁለት ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ ቁልፍ ከፍታችሁ ቀስቱ የት እንደቆመ ጻፉ። ኦሙንም ብትጽፉ ለቀጣዩ መካኒክ ውለታ ነው። ቀስቱ እኩል እንደማይሄድ ታያላችሁ። ሰርባቶዮ ካሬ ሳጥን አይደለም፤ ጎኑ ይጠባል፣ ሆዱ ይሰፋል። «ግማሽ» የሚለው ምልክት የሰርባቶዮው ሊትር ግማሽ ላይሆን ይችላል።

ከላይና ከታች ሁለቱንም ማስተካከል ካልቻላችሁ ታችኛውን ምረጡ። ክንዱን በጣም ትንሽ አጥፋችሁ፣ ሊቃጠል የሚችለው ነዳጅ ሲያልቅ ቀስቱ ባዶ ላይ እንዲተኛ አድርጉ። የአሜሪካ የትንንሽ አውሮፕላኖች ደንብም እስከ እ.ኤ.አ. 2017 ድረስ ይህንኑ በግልጽ ያዝዝ ነበር፤ አውሮፕላኑ ሳይወጣ ሳይወርድ ሲበር ሊጠቀሙበት የሚችሉት ነዳጅ ሲያልቅ ጌጁ ዜሮ ማለት ነበረበት። ላይኛው ትንሽ ቢሳሳት ማንም አይጎዳም።

ወረቀቱን ስትጽፉ ሊትር ከሆነ ሊትር ብላችሁ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ የካናዳ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ከነጌጅ ብልሽቱ ተነሳ። የጌጁ ኮምፒውተር ውስጥ አንዲት በሊድ የተያያዘች ቦታ በደንብ አልያዘችም ነበር። ሠራተኞቹ ነዳጁን በዘንግ ለኩት። እስከዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ ሊትሩን ወደ ክብደት ሲለውጡ በኪሎው 0.8 ፈንታ በፓውንዱ 1.77 አባዙት። የሚያስፈልገው ነዳጅ ግማሽ እንኳ አልነበራቸውም። በ41,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሲበር ነዳጁ አለቀና ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር አንሸራተው ጊምሊ በሚባል የቀድሞ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ አሳረፉት። 69ኙም ሰዎች ተረፉ። ሜዳው ላይ የዚያን ቀን የመኪና ውድድር ነበር።

መኪና ሲያልቅበት ይህን ያህል አይሆንም፣ ግን ቀላልም አይደለም። ናፍታ መኪና እስኪደርቅ ከነዳችሁት መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል። ነዳጅ ብትጨምሩም በእጅ ፓምፕ አየሩን ሳታስወጡ አይነሳም። ቤንዚን መኪና ላይ ሰርባቶዮ ውስጥ ያለው ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በነዳጁ ነው። ደጋግማችሁ ካደረቃችሁት ይቃጠላል፤ ዋጋውም ከሴንሰሩ ይበልጣል።

ለሼሁ ወረቀቱን ጻፍኩላቸውና ፀሐይ መከላከያው ጀርባ ላይ በፕላስቲክ ለጠፍኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። ልቤ ደንገጥ አለ።

«ምን ሆኑ ሼሁ? ጌጁ ተመለሰ?»

«አብሽር ልጄ፣ ጌጁስ ደህና ነው። ወረቀትህ ላይ አርባ ሊትሩን ዘለኸዋል።»

እውነታቸውን ነው፣ ዘልዬዋለሁ። በሚቀጥለው አመጣጣቸው ቀስቱን ከ35 ወደ 45 ሲሄድ መሃሉን አይተን ሞላነው።